ከባሪያ ጀልባ እስከ ነቀምቴ ትምህርት ቤት፦ የገጠሩን ዜማ በብዕር ያኖሩት አስቴር ጋኖ

ክረምት ሲበረታ በነቀምቴ ዙሪያ ያሉ ማሳዎች የበቆሎ ቡቃያ ለብሰው ያረንጉዋሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠርቶ ደቦ ይወጣል፤ ወንዱም ሴቱም በተርታ ሆኖ አረም ይነቅላል። ሥራው በዝምታ አይሄድም። ድምፀ መልካሙ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እጅ ከዜማው ጋር ይወርዳል፣ ከዜማው ጋር ይነሣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው ይጠራል፤ ዘፈኑም ከዘፋኞቹ ጋር ወደ ቤት ይገባል። የሚጽፈው ግን የለም።

የግብርና ትምህርት የተማርን ሰዎች ገጠር ስንወርድ የምንመዘግበው ብዙ ነው። የማሳውን ስፋት፣ የዘሩን ዓይነት፣ የማዳበሪያውን ኪሎ፣ የምርቱን ኩንታል በቅጽ ላይ እናሰፍራለን። በቅጹ ላይ ለዘፈን የተተወ ቦታ የለም። ከ130 ዓመታት በፊት ግን አንዲት ከባርነት የወጣች ወጣት ማንም ያላዘጋጀላትን ያንን ቦታ በራሷ እጅ ከፍታ የገጠሩን ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ አንድ በአንድ ጻፈች። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። የሕይወቷ የመጨረሻና ረጅሙ ክፍል ያለፈው በወለጋ ነው።

አስቴር ጋኖ መድረክ ላይ የወጡ ዘፋኝ አልነበሩም። ሸክላ አላስቀረጹም፤ ክራር ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍም በየቤቱ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ይሁን እንጂ የኦሮሞን የገጠር ዜማ ግጥም ወደ መጽሐፍ ካሻገሩት ሰዎች መካከል ስማቸው ከፊት የሚጠራ ነው። የሕይወታቸው ታሪክ ከሊሙ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ዞሮ ነቀምቴ ላይ ያረፈ ረጅም ጉዞ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሊሙ እስከ ባሕሩ

አስቴር የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። በዚያ ዘመን በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። ከእነዚህ መካከል ሊሙ እናርያ በገበያዋ ስመ ጥር ነበረች። የሰቃ ገበያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ከሩቅ ነጋዴ ጋር የሚገናኙበት ነበር። በዚያው ገበያ ሌላ ሸቀጥም ነበር፤ ሰው።

አስቴር ከነጻ ቤተሰብ በነጻነት ተወለዱ። ኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ተደረጉ። በልጅነት ከእናት ጉያ የተነጠለ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? ልብሱን ይቀሙታል፤ ስሙን ይለውጡበታል፤ መንገዱ ሲረዝም የትውልድ መንደሩ መልክ እንኳ ይደበዝዝበታል። ነጋዴ ሊሸጠው የማይችለው፣ ቀማኛም ሊነጥቀው የማይችለው አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም በጆሮ የገባ ዜማና በቃል የተያዘ ተረት ነው። የአስቴር የኋላ ሥራ ሁሉ የበቀለው ከዚህ ስንቅ ነው።

ከጊቤ አገሮች እስከ ቀይ ባሕር ያለው የነጋዴዎች መንገድ የወራት መንገድ ነበር። በየገበያው ባለቤት እየተለወጠ፣ ከደጋው ወደ ቆላው እየተወረደ፣ በመጨረሻ ወደ ዓረብ ባሕረ ገብ መሬት በሚሻገር ጀልባ ላይ ይጠናቀቃል። አስቴርም እዚያ ጀልባ ላይ ደረሱ። በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን በባሕር ላይ አስቁመው በውስጡ የነበሩትን አስጥለው ወደ ኤርትራ ጠረፍ ወሰዷቸው። አስቴር በዚያን ጊዜ 14 ዓመት ገደማ ነበሩ።

ይህ ዕጣ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በዚያው ባሕር ላይ 204 የኦሮሞ ሕፃናትንና ወጣቶችን ከባሪያ ጀልባዎች አስጥሏል። ከእነዚያ መካከል 64ቱ በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተልከው አብዛኞቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ ቀርተዋል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የወጣ ስንት ዘፈን በዚያ ባሕር እንዳለፈ ማሰብ ይቻላል። አስቴር የያዙት ግን ተመልሷል።

እምኩሉ፦ ሁለት የተረፉ ሰዎች

ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረው። ከባርነት የወጡ ወጣቶች እዚያ ተጠልለው ይማሩ ነበር። አስቴርም ወደዚያ ገቡ። በትምህርት ቤቱ ከእርሳቸው ቀድሞ ተመሳሳይ መንገድ የተጓዘ አንድ ሰው አገኙ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብን።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የትውልድ ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው በአራት ዓመታቸው ሞቱባቸው። በ1869 በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቀው በስምንት ባለቤቶች እጅ ካለፉ በኋላ ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንሲንገር ነጻ አወጣቸው፤ ከዚያም በእምኩሉ ገብተው ተማሩ። በ1872 ተጠመቁ፤ ወደ ስዊድን ሄደውም አምስት ዓመት ያህል ተምረው ተመለሱ። ሕልማቸው አንድ ነበር፤ ወደ ወለጋ ገብቶ በገዛ ሕዝባቸው ቋንቋ ማስተማር።

ያ ሕልም ሁለት ጊዜ ተሰናክሏል። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው ለመግባት ሞክረው እስከ አሶሳ ደረሱና በበሽታ ተዳክመው በሚያዝያ 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ፣ በ1886፣ በሸዋ በኩል እስከ እንጦጦ ዘለቁ፤ ነገር ግን ወደ ፊት ለመሄድ ፈቃድ አላገኙም። በር ሲዘጋባቸው ወደ ብዕር ተመለሱ። የመዝሙር መጽሐፍ በኦሮምኛ አዘጋጁ፤ ቀጥሎም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ለመተርጎም ተነሡ።

በዚህ ጊዜ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው፤ የገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው በቂ ሆኖ አልተገኘም። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነው። ያደጉት በጠረፍ፣ የተማሩት በባዕድ ልሳን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የገበሬና የእረኛ መጽሐፍ ነው። ዘሪ አለበት፤ አውድማ፣ መንሽ፣ ገለባና ምርት አለበት፤ ቀንበርና በሬ፣ በረትና መንጋ አለበት። በአገራችን ማረሻ ላይ እንኳ ሞፈሩ፣ ድግሩ፣ ወገሉና ማነቆው እያንዳንዱ የየራሱ ስም አለው። እነዚህን ቃላት ሰው ከመዝገበ ቃላት አይማራቸውም፤ በእርሻ ላይ ቆሞ፣ ከበሬ ኋላ ተከትሎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዘፈን ይማራቸዋል። ኦኔሲሞስ ያጡት ይህን ነበር። አስቴር ይዘውት የመጡትም ይህንኑ ነው።

አምስት መቶ

ኦኔሲሞስ የወጣቷን ተሰጥኦ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አስቴር ፈጣን አእምሮ ነበራቸው፤ የቋንቋው ለዛም በደማቸው ውስጥ ነበር። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀት ሥራ ተሰጣቸው። ቃል በቃል ሰብስበው ያቀናበሩት ስብስብ በመጀመሪያ ያገለገለው በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ተርጉመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን የሚያስጠራው ግን ሌላ ሥራቸው ነው። አስቴር 500 ያህል የኦሮሞ ባህላዊ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን በጽሑፍ አሰፈሩ። አምስት መቶ ቀላል ቁጥር አይደለም። ዛሬ አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጦ በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈንና ተረት ይጻፍ ቢባል ሃያ ላይ ሳይደርስ ይደናቀፋል። አስቴር ይህን የሠሩት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ፣ ከትውልድ መንደራቸው እጅግ በራቀ ሞቃት ጠረፍ ላይ ተቀምጠው ነው።

ከዚህ ስብስብ ብዙው በ1894 እዚያው በእምኩሉ በታተመ የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገባ። ጀልቀባ በርሲሳ ይባላል፤ የማስተማር መጀመሪያ እንደማለት ነው። 174 ገጾች ያሉት ሲሆን 3,600 ያህል ቃላት በውስጡ ተሰብስበዋል። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከኦሮምኛ ሥነ ቃል በገዛ ተናጋሪዎቹ እጅ ተጽፈው ከታተሙት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ልጆችም ፊደል የሚቆጥሩት በባዕድ ታሪክ ሳይሆን በእናታቸው ተረት እንዲሆን ያደረገ ነው።

የኦሮሞ ሥነ ቃል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ጀግናው ገድሉን፣ የተበደለውም ብሶቱን የሚያዜምበት ገረርሳ አለ። እረኛ ላሙን የሚያሞግስበት የከብት ዜማ አለ። እናት ልጇን የምታባብልበት እሹሩሩ፣ ልጃገረዶች ለሙሽራዋ የሚያዜሙት፣ ገበሬ በአጨዳና በውቂያ ላይ የሚቀባበለው ሁሉ የየራሱ ጊዜና ቦታ አለው። ማታ እሳት ዙሪያ ሂቦ የሚባለው እንቆቅልሽ ይጀመራል፤ በቀን ሸንጎ ላይ ደግሞ ማማክሳ፣ ማለትም ምሳሌያዊው አነጋገር፣ ነገር ይቋጫል። ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። የአየሩን ጠባይ፣ የመሬቱን ዓይነት፣ የከብቱን ቀለም፣ የሰውን ባሕርይ የሚያስተምር ያልተጻፈ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ይህን ወደ ጽሑፍ ማምጣት ደግሞ የራሱ ችግር ነበረው። የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። በአማርኛ ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ የምናውቀው ከአገባቡ ነው። በኦሮምኛ ይህ ይብሳል። በዳ ተብሎ የተጻፈው ቃል ዳው ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ደጋ ማለት ነው። ዘፈንን በዚህ መልክ የሚጽፍ ሰው አንባቢው ትክክለኛውን ድምፅ እንዲያገኝ ቃላቱን በአገባብ መጠበቅ አለበት። ዜማውም በፊደል አይጻፍም፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግጥሙ ብቻ ነው። ይሁንና ግጥሙ ካለ ዜማውን የሚያስታውስ ይገኛል። ግጥሙ ከጠፋ ግን ዜማውም ማረፊያ ያጣል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ወደ ሌላው ዓለም መመልከት ይጠቅማል። ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄደው የኢትዮጵያን ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹት በ1908 ገደማ ነው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኦሮሞን ሥነ ቃል ሰብስቦ በአሜሪካ ያሳተመው በ1922 ነው። እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕና ረዳቱ ሞድ ካርፔለስ ወደ አሜሪካ አፓላቺያን ተራሮች ወጥተው የገበሬዎቹን ዘፈን የጻፉት ከ1916 እስከ 1918 ባሉት ዓመታት ነው። ዛሬ ካንትሪ ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ከእነዚያ ተራሮች ዘፈን ሥር ያለው ነው። የአስቴር ማንበቢያ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ታትሟል። ልዩነቱ በዘመን ብቻ አይደለም። ቼሩሊም ሻርፕም ከውጭ የመጡ ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ የሚዘፍነው ሌላ፣ የሚጽፈው ሌላ ነበር። አስቴር ግን ዘፈኑን በልጅነታቸው ሰምተው ያደጉ፣ በቃላቸው የያዙና በገዛ እጃቸው የጻፉ ናቸው።

ስም የሌለበት ገጽ

ከማንበቢያው በኋላ ሁለቱ ባልደረቦች የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ በአንድነት አዘጋጁ። የመጽሐፍ ቅዱሱም ሥራ ቀጠለ። ትርጉሙ በ1897 ተጠናቀቀ፤ በ1899ም በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና በተባለው ቦታ ታተመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በወለጋና ከወለጋ ውጪ ባሉ የኦሮሞ ወንጌላውያን ቤቶች የተነበበው ይህ መጽሐፍ ነው።

በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ የተጻፈው የተርጓሚ ስም አንድ ነው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። ከዚያ በኋላ የመጡት የታሪክ ጸሐፊዎችም ለረጅም ጊዜ የተከተሉት ይህንኑ ገጽ ነው። የአስቴር ድርሻ የሚገባውን ያህል አልተነገረም። ይህ የኦኔሲሞስን ክብር የሚቀንስ ነገር አይደለም፤ የመላው ሥራ አባት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን የእርሻ ማሳን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በአገራችን ገጠር ዘር የምትመርጠው፣ የምታርመው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው ሴት ናት፤ ምርቱ ሲመዘገብ ግን በቅጹ ላይ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነው። የአስቴር ስም የቀረበት ገጽ የዚሁ ልማድ አንዱ ገጽ ነው።

ወደ ወለጋ መግባት

ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ መግባት ባልቻሉባቸው ዓመታት ሌሎች ቀድመዋቸው ነበር። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ደበላ በ1890ዎቹ መጨረሻ ቦጂ ደርሰው ትምህርት ጀመሩ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 ከእሳት ቃጠሎ ሰዎችን ለማዳን ሲሉ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ።

የአስቴርና የኦኔሲሞስ ተራ በ1904 ደረሰ። ከሌሎች የኦሮሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ከኤርትራ ተነሥተው በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ነቀምቴን ያስተዳድሩ የነበሩት የሞረዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በደስታ ተቀበሏቸው። ዛሬም ነቀምቴ የሚመጣ እንግዳ የሚጎበኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

አስቴር ኤርትራ ጠረፍ ላይ ከወረዱ 18 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በልጅነታቸው ባሪያ ሆነው የወጡባት ምድር አሁን መምህርት ሆነው ሲመለሱ ተቀበለቻቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ነቀምቴ ከሊሙ የራቀች ብትሆንም ቋንቋው ያው ነበር፤ አዝመራውም ያው ነበር። በእምኩሉ ከትዝታ የጻፉትን ዘፈን አሁን በመስኮት በኩል ከማሳው ይሰሙት ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት አይሆንም።

ጊዜው ግን የተመቸ አልነበረም። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበካቸው የሕዝቡን ጆሮ ሳበ፤ በዚያው መጠን ከአካባቢው ካህናት ተቃውሞ አስነሣ። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ለአሥር ዓመት ያህል ሥራው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ተወስኖ ቆየ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን በነጻነት እንዲያስተምሩ የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም።

በእነዚያ የክልከላ ዓመታት የትምህርት ቤቱ ዋጋ የበለጠ ጎልቶ ታየ። ስብከት ሲዘጋ ንባብ ክፍት ነበር። ልጆች በኦሮምኛ ማንበብ ይማሩ ነበር፤ ለማንበብ ደግሞ የሚነበብ መጽሐፍ ያስፈልጋል። አስቴር በጠረፍ ሳሉ የሰበሰቡት ሥነ ቃል ከተጓዘበት ሩቅ ዓለም ተመልሶ ለተነሣበት ሕዝብ ልጆች ፊደል መቁጠሪያ ሆነ።

ኦኔሲሞስ በሰኔ 1931 ነቀምቴ ላይ አረፉ። አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። የአምስቱን ዓመት የፋሺስት ወረራ አይተዋል። ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1944ቱ የሚስዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ በጠቅላላ አማርኛ እንዲሆን ሲያዝዝ፣ በኦሮምኛ ፊደል ያስቆጠረው ትምህርት ቤት በር ሲጠብም ደርሰዋል። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረትም በሕይወት ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዘመኑ 1950ዎቹ ነበር።

ያልታተመው

የአስቴር ታሪክ በሞታቸው አልተዘጋም። በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ኦሮምኛ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል እንደገና ተጻፈ። ከ1991 ወዲህ ደግሞ በቁቤ የመደበኛ ትምህርትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሆኗል። ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ልጆች ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ከመማሪያ መጽሐፋቸው ያነባሉ። የዚያን መንገድ የመጀመሪያ ድንጋይ ካስቀመጡት አንዷ በከተማቸው ለብዙ ዓመታት እንደኖሩ ስንቶቹ ያውቃሉ?

ሌላም ነገር አለ። አስቴር ከጻፉት ሥነ ቃል ሁሉም አልታተመም። ብዙው በስዊድን ሚስዮናውያን ከነበሩት ከሂላንደር ቤተሰብ ዘንድ ሳይታተም ተጠብቆ ቆይቷል። ከ130 ዓመት በፊት የነበረ የገጠር ድምፅ፣ በዚያ ዘመን ስለ መሬትና ከብት፣ ስለ ፍቅርና ሐዘን የተባለ ቃል በእጅ ጽሑፍ ተኝቷል ማለት ነው። ይህን ወደ አገሩ አምጥቶ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ከቁቤው ጎን አስቀምጦ ማሳተም ለዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ለባህል ቢሮዎቻችንና ለአብያተ ክርስቲያናት የማይገፋ ሥራ ሊሆን ይገባል። የርዕስ ገጹም ላይ የአስቴር ጋኖ ስም ብቻውን ቢቆም ዕዳ መክፈል ነው።

ከእጅ ጽሑፉ ይልቅ የሚያስቸኩለው ግን ገና ያልተጻፈው ነው። የእርሻው መልክ እየተለወጠ ነው። በኩታ ገጠም ማሳ ላይ ትራክተር ሲገባ ምርት ይጨምራል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በትራክተር ድምፅ ላይ የሚቀባበል ዘፈን የለም። በበሬ የሚወቃበት አውድማ በወቂያ ማሽን ሲተካ የውቂያው ዜማ ሥራ ፈቶ ይቀራል። የጸረ አረም መድኃኒት በተረጨበት ማሳ ላይ ደቦ አይወጣም፤ ደቦ ካልወጣ የሚያወጣም የሚቀበልም የለም። ወጣቱ የሚሰማው በስልኩ ላይ ያለውን ነው፤ በስልኩ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው የቀዳው ብቻ ነው።

ገበሬው ወደ ኋላ ይመለስ የሚል የለም፤ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ለዘፈኑ ሲባል አይቀጥልም። መቅዳትና መጻፍ ግን ይቻላል። አስቴር ጋኖ ከአገራቸው ተነጥለው፣ የሚጠይቁት ሽማግሌ ሳይኖራቸው፣ ከትዝታ ብቻ አምስት መቶ ጽፈዋል። እኛ ሽማግሌውም ባልቴቷም በመንደሩ አሉልን። የልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ ወደ ቀበሌው ይወርዳል፤ መምህሩ እዚያው ይኖራል፤ ስልኩ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ አለ። አንድ ዘፈን ለመጻፍ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

በክረምቱ ደቦ ላይ ቅጻችንን ሞልተን ስንጨርስ ገበሬው ገና ይዘፍናል። ወረቀት የለም የሚያሰኝ ምክንያትም አይኖረንም፤ የቅጹ ጀርባ ሁልጊዜ ባዶ ነው።